ምጣዱ ቢያቃጥል ማን ይክሳል?

አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዝቶ ቤት ገባ። እንጀራ የምትጋግረውን እናት ግን ኤሌክትሪክ ያዛት፤ እጇም ተቃጠለ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲደርስበት ወደ ሸጠለት ሱቅ ይሮጣል፤ አምራቹን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ላይ፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂዋ የአምራቹን ጥፋት እንድታስረዳ አይጠበቅባትም። ተገቢም ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ የትኛው ሽቦ በደንብ ሳይሸፈን እንደቀረ እሷ ከየት ታውቃለች? ጥበቃው ደግሞ ለገዢው ብቻ አይደለም። ምጣዱን የገዛችው ልጅ ብትሆንና የተጎዳችው እናት ብትሆንም ካሳ የመጠየቅ መብት አላት።

ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን አምራቹ አይጠየቅም። ይህ ገደብ ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙም ለማያውቅ ሰው ከባድ ነው፤ ዳኞች ሲተረጉሙት ሊጠነቀቁበት ይገባል። የካሳ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ ደረሰኙንና ምጣዱን ራሱን ሳይጠግኑ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።