ለቅሶ ላይ የሳቀው ፊት

ካዛንቺስ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የአንድ ሾፌር እናት ያረፉ ዕለት መርዶው የደረሰን በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩና እንባው በሁለቱ ጉንጮቹ የሚወርድ ፊት ሦስት ጊዜ ደረደርኩበት። ወዲያው ታች ፎቅ የምትሠራ፣ የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ ደወለች። «እትዬ፣ እባክዎ ቶሎ ያጥፉት! እሱ እኮ እያለቀሰ አይደለም፤ በሳቅ እየፈረሰ ነው።» መነጽሬን አድርጌ ሳየው እውነትም ጥርሱ ሁሉ ይታያል። አጠፋሁት፤ ግን ስንቱ አይቶታል።

ማታ ለቅሶ ቤት ስደርስ እግሬ ከበደኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ሾፌሩ እጄን ይዞ፣ «እናቴም ሲከፋት ያንኑ ነበር የምትልክልኝ» አለኝ።

ፊቱ የዋዛ አይደለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2015 «የዓመቱ ቃል» ብለው የመረጡት እሱን ነው። ኢሞጂ የሚለው ስም ራሱ ጃፓንኛ ነው፤ ሺጌታካ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአንድ የስልክ ኩባንያ 176 እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሥዕሎች ሠርቶ ነበር።

የካዛንቺስ ስምም ከቢሮ ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ተቋም ስም የመጣ። በዚህ ሰፈር ደብዳቤ ማለት ዛሬም «ጉዳዩ» ብሎ ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ የሚዘጋ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። የዕለት ሥራው ግን ቴሌግራም ውስጥ ገብቷል። እዚያ የጎደለው አክብሮቱ ነው። በአማርኛ «ይምጡ» እና «ና» አንድ አይደሉም፤ ግሱ ብቻውን ማንን እንደምናናግር ይናገራል። ወደ ላይ የቀና አውራ ጣት ግን ለሥራ አስኪያጁም ለተላላኪውም ያው አውራ ጣት ነው። ልጄ ሥራ በጀመረች ሰሞን ለላከችው ረጅም ሪፖርት አለቃዋ አውራ ጣት ብቻ ቢመልስላት፣ «ተቀይሞኛል» ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። አለቃዋ በዕድሜ እኔን የሚያክል ሰው ነው፤ እሺ ማለቱ ነበር።

ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ነገሩ ይከራል። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት አንድ እህል ገዥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተልባ መግዣ ውል ፎቶ አንስቶ ለአንድ ገበሬ በስልክ ላከለትና ውሉን እንዲያረጋግጥለት ጠየቀው። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። የማስረከቢያው ጊዜ ሲደርስ የተልባ ዋጋ ንሮ ነበር፤ ገበሬው ተልባውን አላቀረበም። ፍርድ ቤት ሲቆም «ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማማሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን ሁለቱ ከዚያ በፊት በአጫጭር የ«እሺ» መልሶች ብቻ ሲዋዋሉ መኖራቸውን አይተው፣ አውራ ጣቱ እንደ ፊርማ ይቆጠራል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ይግባኙም አልረዳውም። አያቶቻችን ፊደል ያልቆጠሩት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርሙ ነበር፤ ይኼኛው ቀለም እንኳ አላስፈለገውም።

በእኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልዕክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመላኩ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማያጣ ደንግጓል። የቤት ኪራይ ውልም ሆነ የዕቃ ዋጋ በስልክ ሲላክልዎ «ደርሶኛል፤ አንብቤ እመልሳለሁ» ብሎ በፊደል መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።