ስለ ምስጥ፤ ቤትንና ማሳን ስለ መመርመር

የትምህርት ቤት ጣራ በድንገት አይወድቅም። ከመውደቁ በፊት ብዙ ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት፣ ምሰሶው ከውስጥ ሲበላ ይቆያል፤ በላዩ የተለሰነው ጭቃ ግን እንደ ቀድሞው ደኅና መስሎ ስለሚታይ፣ ከበታቹ ተቀምጠው ፊደል የሚቈጥሩት ሕፃናትም መምህራቸውም አደጋውን አያውቁትም። ይህን የሚያደርገው ምስጥ ነው። በየመንደሩ ያላችሁ መምህራንና ፊደል ያወቃችሁ አባቶች የዚህን ፍጥረት ጠባይና የሚመረመርበትን መንገድ ታውቁ ዘንድ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ነገር፣ ምስጡ ከወዴት እንደሚመጣና አሁንም በሥራ ላይ መኖሩ ሳይታወቅ የሚደረግ መድኃኒት ሁሉ ድካም ብቻ መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ምስጥን ከጉንዳን ወገን ይቈጥረዋል። ነገር ግን ዝምድናው ከበረሮ ጋር ነው። ጉንዳን ወገቡ እንደ ክር የቀጠነ ሲሆን፣ ምስጥ ወገቡና ደረቱ እኩል ናቸው፤ የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን የታጠፈ ሲሆን፣ የምስጥ ቀጥ ያለ ሆኖ እንደ ተሰካ ዶቃ ነው። የዝናም ወራት ሲገባ ከምድር ፈልቶ የሚወጣው፣ እኛም አሸን የምንለው፣ ክንፍ ያወጣው ምስጥ ነው። አራቱ ክንፎቹ ርዝመታቸው እኩል ነው፤ የጉንዳን ግን የፊቱ ከኋላው ይበልጣል። አሸኑ ጥቂት ከበረረ በኋላ ክንፉን አራግፎ፣ ወንድና ሴት ሁለት ሁለት እየሆኑ ጕድጓድ ይገባሉ። ከሚበሩት እጅግ የሚበዙት የወፍና የዶሮ ሲሳይ ይሆናሉ፤ የተረፉት ግን አዲስ ከተማ ይቈረቍራሉ።

በከተማቸው ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ሠራተኞቹ ዕውራን ሆነው ሳለ ምግብ ያመጣሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ፣ እንቍላልና ሕፃናቱን ይጠብቃሉ። ራሳቸው የገዘፈው ወታደሮች ደጁን ይጠብቃሉ፤ ራሳቸው ለመብላት ስለማይችሉ ሠራተኞቹ ያጐርሷቸዋል። ንግሥቲቱ በጠነከረ ጭቃ በተሠራ ክፍል ውስጥ ከንጉሡ ጋር ትኖራለች፤ ሆዷ እጅግ ተነፍቶ እንደ ሰው ጣት ሲሆን ከስፍራዋ ለመንቀሳቀስ አትችልም፤ በአንድ ቀንም ብዙ ሺህ እንቍላል ትጥላለች። እንግሊዛዊው ሄንሪ ስሜዝማን በምዕራብ አፍሪካ ሳለ ኵይሳ እየቈፈረ ይህን ሥርዓት መርምሮ በ1781 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለሎንዶን ሊቃውንት ማኅበር በጽፈት አስታውቋል። የአገራችን ገበሬ ግን ኵይሳ ሲያፈርስ ንግሥቲቱን ፈልጎ ማውጣትን የተማረው ከማንም ጽሑፍ አይደለም።

በዓለም ላይ የታወቀው የምስጥ ዓይነት ወደ 3000 ይደርሳል፤ ሰውን የሚጐዳው ከዚህ ጥቂቱ ነው። በአገራችን ብዙ ጥፋት የሚያደርሱት እንጉዳይ የሚያለሙት ናቸው። እነዚህ እንጨቱንና ደረቅ ሣሩን ከበሉት በኋላ በዓይነ ምድራቸው እንደ ሰፍነግ ያለ መደብ ሠርተው፣ በላዩ እንጉዳይ ያበቅላሉ፤ እንጉዳዩም እንጨቱን ያልመውና መልሰው ይመገቡታል። በክረምት ከኵይሳ ላይ ብቅ የሚለው፣ ሰዎችም ለቅመው የሚበሉት እንጉዳይ ከዚሁ መደብ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። ከእነዚህ ምስጦች አንዱ ወገን ትልቅ ኵይሳ ይሠራል፤ ሌላው ወገን ግን ኵይሳ የለውም፤ መደቡን ከምድር በታች እዚህም እዚያም በትንንሽ ጓዳ በትኖ ይኖራል። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በነጆ በኩል ያለው ሕዝብ ከሌላው አገር ይልቅ በምስጥ የተጠቃ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር ብዙ ኵይሳ በመርዝ እንዲጠፋ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ኵይሳዎቹ ሞቱ፤ የእህሉ ጥፋት ግን አልቀረም፤ ምክንያቱም በማሳው ላይ ካሉት አጥፊዎች ብዙዎቹ ኵይሳ የሌላቸው ነበሩና። በዓይን የሚታየውን ጠላት መቱ፤ የማይታየው በስፍራው ቀረ። ምርመራ ከመድኃኒት ይቅደም የምንለው ስለዚህ ነው።

የቤት ምርመራ ከውጭ ይጀመራል። መርማሪው አንድ ወስፌ፣ አንድ ከዘራ፣ ጥቂት ከሰልና ለጨለማው ማዕዘን የሚሆን መብራት ይዞ ቤቱን በዝግታ ይዙር። ምስጥ ፀሐይንና ደረቅ ነፋስን ስለማይችል፣ ከምድር ወደ እንጨቱ ሲወጣ በጭቃ የተሸፈነ መንገድ ይሠራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ውፍረት አይበልጥም። ስለዚህ የግድግዳውን እግር፣ የማዕዘኑን ስንጥቅ፣ የበሩን መቃንና ደፍ አጥብቆ ይመልከት። በግድግዳው ላይ የተደገፈ ማገዶ፣ የተከመረ ጭድ ወይም የተቈለለ አፈር ካለ ይነሣ፤ ምስጡ ከዚህ በስተጀርባ ሳይታይ ይወጣልና። የጣራው ውኃ የሚንጠባጠብበትም ስፍራ ምድሩ እርጥብ ስለሚሆን ደኅና መግቢያ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሰዎች የማያንቀሳቅሱትን ነገር ያንቀሳቅስ። ሰሌዳው ከግድግዳው ይነሣ፤ የመጻሕፍቱ ሣጥን ይገለበጥ፤ የወንበሮቹ እግር ይታይ። ምሰሶዎቹን በከዘራው ከታች ጀምሮ ይምታ፤ ጤነኛ እንጨት ደንዳና ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው እንደ ከበሮ ባዶ ይጮኻል። በተጠራጠረበትም ስፍራ በወስፌው ይውጋ፤ ወስፌው ያለ ድካም ከገባ እንጨቱ ውስጡ አልቋል። ከምሰሶው ቀጥሎ ማገሩ ከአጣናው የሚታሰርበት ስፍራ ይታይ። በመስኮት ሥር የወደቀ ክንፍ ከተገኘ በቤቱ ውስጥ ወይም በአጠገቡ አሸን እንደ ወጣ ምልክት ነው። ከእንጨቱ ላይ ክብ ቀዳዳና እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ብቻ ቢታይ ግን ያ የነቀዝ ሥራ ነው፤ ምስጥ ባለበት ጭቃ አይጠፋም።

መንገዱ በተገኘ ጊዜ ብዙ ሰው በቍጣ ጠራርጎ ያፈርሰዋል፤ እንዲህ ማድረግ ግን ማስረጃን ማጥፋት ነው። ይልቁንስ ከመንገዱ መካከል የጣት ስፋት ያህል ብቻ ይፈረስ፤ በአጠገቡም በከሰል ምልክት ይደረግ፤ ቀኑም በመዝገብ ይጻፍ። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ይታይ። የፈረሰው በእርጥብ ጭቃ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ሳይጠገን ከቀረ መንገዱ የተተወ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ምስጥ ሌላ መንገድ ያወጣልና ከሳምንት በኋላ ዳግመኛ ይመርመር። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ተራ ገብተው ሊሠሩት ይችላሉ። የምልክቱን ስፍራ በቤቱ ንድፍ ላይ እያሰፈሩ ቢጽፉት ደግሞ ለሒሳብና ለሥዕል ትምህርት የሚጠቅም ሥራ ነው።

ምስጡ በሥራ ላይ መሆኑ ከታወቀ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሕፃናቱ ደኅንነት ነው። ጣራውን የተሸከመው ምሰሶ ወስፌ የሚገባበት ከሆነ፣ ሌላ ድጋፍ እስኪቆምለት ድረስ ከበታቹ ማስተማር አይገባም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር መማር ይሻላል። አዲስ ምሰሶ ሲተከል ከተቻለ የጥድ እንጨት ይሁን፤ ይኸውም ቀዩ ልቡ እንጂ ነጩ ዳር አይደለም፤ ምስጥ የጥዱን ልብ አይደፍርምና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለሥራ ምቹ ቢሆንም ምስጥ ቶሎ ይበላዋል፤ ስለዚህ እግሩ ከምድር ጋር እንዳይነካካ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ መሠረቱም ለዓይን እንዲገለጥ በጭቃ አይለሰን። የእንጨቱን እግር በእሳት መለብለብ ብዙ ሰዎች የሚታመኑበት ነገር ነው፤ ነገር ግን የከሰለው ሽፋን በተሰነጠቀ ጊዜ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። መጻሕፍትም በመሬት ላይ አይቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ብራናውን በማኅደር አድርገው በግድግዳ ችካል ላይ መስቀላቸው ምክንያቱ ሌላም ቢሆን፣ ከምድር የሚወጣ ምስጥ በቀላሉ አያገኘውም።

በኵይሳ የሚኖረው ወገን ከሆነ ኵይሳውን ቈፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት የቈየ ልማድ ነው፤ ሥራውም አንዳንድ ጊዜ ይሠምራል። ነገር ግን ከአንዲት በላይ ንግሥት ያለበት ኵይሳ አለ፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዪቱ ትቀራለች። ከኵይሳው ሠራተኞቹ ከ50 ሜትር በላይ ርቀው ስለሚሄዱ ደግሞ፣ ቤቱን የሚበላው ምስጥ ከጎረቤት ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ተመካክረው አብረው ካልሠሩ የአንድ ሰው ቍፋሮ ብቻውን አይበቃም። በአሮጌ ኵይሳ ውስጥ እባብ ስለሚኖርም ሕፃናት እንዲቈፍሩ አይላኩ።

ስለ መርዝ የሚባለውን በአጭሩ እንናገራለን። አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር የሚባሉት መድኃኒቶች ቀድሞ ለምስጥ ይሰጡ ነበር። ከአፈርና ከሰው ሰውነት ሳይጠፉ ብዙ ዘመን የሚቈዩ ስለ ሆኑ፣ በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ውል እንዲቀሩ መንግሥታት ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. የውሉ አባል ሆነች። በአሮጌ ጐተራ ጽፈቱ የጠፋ ቆርቆሮ ወይም በርሜል ቢገኝ አይከፈት፣ አይፈስስ፣ ዕቃውም ለውኃ መቅጃ አይሁን፤ ለወረዳው ግብርና ቢሮ ይነገር።

ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ወጥመድና መሳቢያ ማድረግ ነው። በአሜሪካ አገር ከ1995 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት ጥበብ አለ፤ ይኸውም ሄክሳፍሉሙሮን የሚባል መድኃኒት በሚበላ ነገር ውስጥ ተደርጎ በቤቱ ዙሪያ ይቀበራል። መድኃኒቱ ወዲያው አይገድልም፤ ምስጡ እየበላ ለወገኖቹ ያጐርሳል፤ ቆዳውን በሚለውጥበት ጊዜ ግን አዲስ ቆዳ ለማውጣት ስለማይችል ይሞታል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ሆኖም የተሠራው እንጉዳይ ለማያለሙ ምስጦች ስለ ሆነ፣ በእኛ አገር ምስጥ ላይ እኩል ይሠራል ብሎ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

የመሳቢያው ጥበብ ግን ያለ መድኃኒትም ይጠቅማል። ርዝመቱ አንድ ክንድ የሚያህል ደረቅና ለስላሳ እንጨት ተጠርቦ በቤቱ ዙሪያ አምስት አምስት እርምጃ እየተራራቀ ግማሹ ድረስ በምድር ይተከል፤ በወር አንድ ጊዜ እየተነቀለ ይታይ። የተበላው ችካል ምስጡ በየት በኩል እንደ መጣ ያመለክታል፤ ምስጡ ከምሰሶው አስቀድሞ ችካሉን ስለሚያገኝ መምህሩ በጊዜው ይነቃል። በምዕራብ አፍሪካ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ አሮጌ ማሰሮ በእርጥብ ጭድና በእበት ሞልተው፣ ምስጥ ባለበት ስፍራ በአፉ ይደፉታል፤ ምስጡ በተሰበሰበ ጊዜ አንሥተው ለጫጩት ያበሉታል። የትምህርት ቤት ዶሮ ያላቸው ይህን ቢሞክሩት መልካም ነው።

በማሳው ላይ ያለው ነገር ከቤቱ ይለያል። ምስጥ ከለመለመው ይልቅ የደረቀውን ይወዳል፤ የወደቀውን ቅጠልና ገለባ ወደ አፈር የሚመልሰውም እርሱ ነውና ፈጽሞ ይጥፋ ማለት አይገባም። ከብት ምድሩን አራቍቶ ሲግጠው፣ ገበሬውም ገለባውን ሁሉ ሲያነሣው ግን፣ ምስጡ የሚበላው ስለሚያጣ ወደ ቆመው በቆሎ ይዞራል። ስለዚህ ጥቂት አገዳና ገለባ በመስመሩ መካከል ይተውለት። የደረሰ በቆሎ ሳይዘገይ ይሰብሰብ፤ የጤፉ ክምር በድንጋይና በእንጨት ርብራብ ላይ እንጂ በባዶ መሬት አይከመር። በኡጋንዳ የግብርና ሊቃውንት በበቆሎ ማሳ ውስጥ የዓሣ ፍርፋሪ በበተኑ ጊዜ ጉንዳን ተሰብስቦ ቤቱን በዚያው ሠራ፤ ጉንዳንም የምስጥ ጠላት ስለ ሆነ ጥፋቱ ቀነሰ።

የቤቱ ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይበቃል፤ አንደኛው እህል ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት፣ ማሳው ባዶ ሆኖ ምስጡ ወደ እንጨት በሚዞርበት ወራት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ዝናም ጥሎ አሸን ከታየ በኋላ። ለእያንዳንዱ ምርመራ በመዝገቡ አንድ ገጽ ይሰጥ፤ በገጹም ላይ ቀኑ፣ የመረመሩት ሰዎች ስም፣ ጭቃ የተገኘበት ስፍራ፣ ከፈረሰ በኋላ መጠገን አለመጠገኑ፣ የምሰሶዎቹም ሁኔታ ይጻፍ። መምህሩ ወደ ሌላ አገር በተዛወረ ጊዜ መዝገቡን ከትምህርት ቤቱ ቍልፍ ጋር ለተተኪው ያስረክብ።