ያልተረገጠ ፍሬን

(ድምፅ፦ የክረምት ዝናብ፣ የመኪና ጎማ በእርጥብ አስፋልት)

ተራኪ፦ ክረምት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ትወርዳለች። ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ አንስቷል፤ መኪናዋ ግን አልፈጠነችም። የያዛት ሞተሯ ነው፤ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የቁልቁለቱን ጉልበት ለባትሪው ይመልሳል። የፍሬን ሸራው ዲስኩን እምብዛም አልነካውም።

ሸራ ቶሎ አለማለቁ ለባለቤቱ ደስታ ነው። ለዝገትም እንዲሁ።

የፍሬን ዲስክ በአብዛኛው የሚሠራው ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት ነው። ሸራው የሚይዘው ገጽ ቀለምም ቅባትም አይቀባም፤ ከተቀባ ፍሬኑ አይዝም። እርጥበት ሲያገኘው ታዲያ ይዝጋል። ዝናብ ባደረ ማግስት የሚታየው ቡናማ ሽፋን አያሰጋም፤ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ ይጠረጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ጠራጊ ሲጠፋ ነው። መኪናው ለሳምንታት ከቆመ ወይም ፍሬኑ ካልተረገጠ ዝገቱ ብረቱን እየበላ ይቦረቡረዋል። ያኔ ፍሬኑ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አያያዙም ይደክማል። ልጅ በድንገት መንገድ ሲገባ፣ ወይም ባትሪው ሞልቶ ሞተሩ ኃይል መመለስ ሲያቅተው፣ ሥራው የሚወድቀው በዚህ በተጎዳ ዲስክ ላይ ነው።

(ድምፅ፦ የቶርኖ ማሽን)

ተራኪ፦ ቶርኖ ቤት ዲስኩን ልጦ ሊያስተካክለው ይችላል። ውፍረቱ ግን አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በታች መውረድ የለበትም፤ ከዚያ ከሳሳ መቀየር ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጉዳዩ የብዙ አሽከርካሪ ሆኗል። አምራቾችም አስበውበታል፤ ቮልስዋገን አይዲ ፎር በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው የኋላ ጎማዎች ላይ የገጠመው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነው። ታምቡር የተሸፈነ ስለሆነ ውስጡ ለውሃና ለጭቃ ብዙም አይጋለጥም።

የፊት ዲስኮችን የሚጠብቃቸው ግን አሽከርካሪው ነው። መንገዱ ጭር ሲል፣ ከኋላ የሚከተል አለመኖሩን አይቶ፣ ኃይል የመመለሻ ደረጃውን ዝቅ ያድርግና ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ደጋግሞ ይያዝ። መኪናውን አሳጥቦ ወዲያው አያቁም፤ ጥቂት ነድቶ፣ ፍሬን እየያዘ ዲስኩን ያድርቅ። ማርሽና የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ለረጅም ጊዜ ሲቆም ደግሞ ሜዳ ላይ፣ በእጅ ፍሬኑ ፋንታ በማርሽና በታኮ ይያዝ፤ እርጥብ ሸራ ከዲስክ ወይም ከታምቡር ጋር እንዳይጣበቅ።

ጎማ በተፈታ ቁጥር የዲስኩን የውስጥ ገጽም መካኒኩ ይይ። ከውጭ የሚያብለጨልጭ ዲስክ በውስጥ በኩል ተበልቶ ሊሆን ይችላል።