ዋጋን ደግፎ የያዘው ማን ነው? ከቲን ገበያ መውደቅ የሚገኝ ትምህርት

የማናቸውም ዕቃ ዋጋ በአቅርቦትና በፍላጎት እንደሚወሰን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በብረታ ብረት ንግድ ግን ይህ ሕግ ሥራውን የሚፈጽመው በዝግታ ነው። ዋጋ ስለ ተወደደ አዲስ ማዕድን በአንድ ዓመት ተቆፍሮ ምርት አይሰጥም፤ ፋብሪካም የሚሠራበትን ብረት በአንድ ቀን አይለውጥም። ስለዚህ የገበያን አካሄድ በስሌት የሚያጠኑ የኢኮኖሚ ዐዋቂዎች ከምርትና ከፍጆታ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይመለከታሉ፤ ይኸውም በመጋዘን ያለው ክምችት ነው። ምርት ከፍጆታ ሲበልጥ ትርፉ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ሲያንስም ጉድለቱ ከመጋዘን ይወጣል። ክምችት ሲበዛ ዋጋ ይረክሳል፤ ሲመነምን ይወደዳል።

ይህ ሒሳብ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት የቲን ታሪክ ያስረዳል። ቲን የምግብ ጣሳን ለመለበጥና ለብየዳ የሚያገለግል ብረት ነው፤ በአገራችን ለቤት ክዳን የሚውለው ቆርቆሮ ግን በዚንክ የተለበጠ ብረት ስለ ሆነ ከዚህ ጋራ ሊምታታ አይገባም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቲን ስምምነት በሥራ ላይ ዋለ። በስምምነቱ መሠረት ዋጋው ወደ ዝቅተኛው ወሰን ሲወርድ የቲን ምክር ቤቱ የክምችት ኃላፊ ከገበያ እየገዛ ያከማቻል፤ ወደ ከፍተኛው ወሰን ሲወጣ ይሸጣል። ይህ ዘዴ ለአጭር ጊዜ መዋዠቅ ተስማሚ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ችግር ግን የአጭር ጊዜ አልነበረም። የዋጋው ውድነት ራሱ ሁለት ነገሮችን አስከተለ። አንደኛ፣ የስምምነቱ አባል ያልነበረችው ብራዚል ምርቷን በፍጥነት አሳደገች። ሁለተኛ፣ የመጠጥ ጣሳ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ አሉሚኒየም አዞሩ። አባል የሆኑት አምራቾች ወደ ውጭ የሚልኩትን ቢቀንሱም፣ የለቀቁትን ስፍራ ሌሎች ያዙት፤ የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብታቸውን ጣሉ። ይህም ሆኖ በ1985 የአንድ ቶን ዋጋ ከ8,000 ፓውንድ በላይ ጸንቶ ይታይ ነበር። ያጸናው ግን የፋብሪካዎች ፍላጎት ሳይሆን ምክር ቤቱ በብድር ገንዘብ የሚፈጽመው ግዢ ነበር።

ኦክቶበር 24 ቀን 1985 የክምችቱ ኃላፊ ገንዘቡ ስላለቀ መግዛቱን አቆመ። የሎንዶን የብረታ ብረት ገበያም በዚያው ቀን የቲንን ግብይት አገደ፤ እስከ 1989ም አልከፈተውም። ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ባንኮችና ደላሎች ብዙ ገንዘብ ከሰሩ፤ በማሌዥያና በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ማዕድን ማውጫዎች ተዘግተው ሠራተኞች ተበተኑ።

እንግዲህ ጸንቶ የቆመ ዋጋ የሚዛናዊ ገበያ ማረጋገጫ አይደለም። የዚንክና የመዳብ ዋጋም በዚሁ በሎንዶን ገበያ ይወጣል፤ በገበያው መጋዘኖች ያለው የክምችት መጠንም በየሥራው ቀን ይገለጻል። ስለዚህ የክዳን ቆርቆሮ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አስመጪ ትልቅ ትእዛዝ ከመስጠቱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይጠቀማል፤ ክምችቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? አዲስ አምራች ወደ ገበያው እየገባ ነው? ተጠቃሚዎችስ ወደ ሌላ ብረት እየዞሩ ነው? ዋጋው ሳይረክስ ክምችቱ ያለማቋረጥ የሚያድግ ከሆነ፣ ዕቃውን የሚገዛው የሚሠራበት ሳይሆን የሚያከማቸው ሰው ነውና፣ ትእዛዙን ከፋፍሎ በየጊዜው መግዛት ከኪሳራ ያድናል።