በዛፍ ጥላ ሥር ያለን የጓሮ መሬት በዴስሞዲየም ስለ መሸፈን

በአዊ ዞን፣ በዳንግላ አካባቢ ጓሮዎች ቡና፣ ጌሾና የፍራፍሬ ዛፎች ተሰባጥረው ይገኛሉ። ከፍ ባለው በእንጅባራ አካባቢ ደግሞ ቀርከሃ በብዛት ይታያል። ዛፎቹ እያደጉ ሲሄዱ በሥራቸው ያለው ሣር ይሳሳል፤ መሬቱም ይራቆታል። ክረምት ሲገባ ከቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርደው ትልልቅ ጠብታ የተራቆተውን አፈር ይመታል፤ ተዳፋት በሆነ ቦታ ለሙ አፈር ታጥቦ ይሄዳል። ይህን መሬት ሸፍኖ መኖም የሚሰጥ ተክል ዴስሞዲየም ነው።

የተክሉ ጠባይ

ዴስሞዲየም መገኛው መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይ የጥራጥሬ ወገን የመኖ ተክል ነው። በአገራችን የታወቁት ባለ አረንጓዴ ቅጠሉና ባለ ብርማ ቅጠሉ ናቸው። ግንዱ በመሬት ላይ ይሳባል፤ አፈር የነካው አንጓም ሥር ያወጣል። መጠነኛ ጥላ ይችላል። በሥሩ ላይ ባሉ እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስድ አፈሩን ያዳብራል።

አተካከል

1. መሬቱ በሰኔና በሐምሌ በደንብ ሲርስ አረሙን ነቅሎ ማለስለስ።
2. በዘር የሚዘራ ከሆነ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ በአፈር አለመሸፈን።
3. ዘር ካልተገኘ ሦስት አንጓ ያለው የበሰለ ግንድ ቆርጦ ሁለቱን አንጓ መቅበር። በቁርጥራጮቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል።
4. አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ አስቀድሞ በአፈር ምርመራ መሠረት ኖራ መጨመር። የበሰበሰ ፍግም ይረዳል።

አያያዝ

ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት አዝጋሚ ነው። በዚህ ጊዜ አረም ከቀደመው ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ማረምና ከብት እንዳይገባ ማጠር ግዴታ ነው። መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ግን አረሙን ራሱ ያፍናል።

ለመኖ ሲታጨድ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማስቀረት ያስፈልጋል። እስከ ሥሩ ቢታጨድ የሚያቆጠቁጥበት ቅጠልና እንቡጥ ያጣል፤ መሬቱም እንደገና ይራቆታል። የታጨደውን ጥቂት አጠውልጎ ከጤፍ ወይም ከዳጉሳ ገለባ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይመረጣል። ገለባ በፕሮቲን ደካማ ስለሆነ ዴስሞዲየም ጉድለቱን ይሞላለታል።

ጥንቃቄ

ሐረጉ በለጋ ችግኝ ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ጽዱ ቦታ መተው ይገባል። በእንጅባራ አካባቢ ውርጭ የሚተኛበት ረባዳ ስፍራ ለተክሉ አይስማማም፤ ከፍ ያለውን ቦታ መምረጥ ይበጃል። ጥቅጥቅ ባለ የዲከረንስ ወይም የባሕር ዛፍ ደን ሥርም ብርሃንና እርጥበት ስለሚያንሰው ጥሩ ውጤት አይጠበቅም።

ስለሆነም ገበሬው በመጀመሪያ በጓሮው ጥቂት መደብ ቢጀምር መልካም ነው። በሚቀጥለው ክረምት ከዚያው ከራሱ መደብ ግንድ እየቆረጠ የቀረውን መሬት ያለ ተጨማሪ ወጪ መሸፈን ይችላል። ዘር ስለሚገኝበትና አፈር ስለሚመረመርበት ሁኔታ በቀበሌው ያለውን የግብርና ልማት ሠራተኛ እንዲያማክር እናሳስባለን።