ሰላይ ሳይሆኑ ሰላይ መባል፦ የ1930ዎቹ የስለላ ልቦለዶች ለምን አሁንም ልብ ያንጠለጥላሉ?

አንድ ሰው ለእረፍት ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ሄዷል። በካሜራው ያነሳውን ፊልም እንዲያጥቡለት መድኃኒት ቤት ይሰጣል (ያኔ መድኃኒት ቤቶችም ፎቶ ያጥቡ ነበር)። ሊወስድ ሲመለስ የሚጠብቁት ግን ፖሊሶች ናቸው። ለምን? ፊልሙ ላይ እሱ ያነሳቸው እንሽላሊቶች ብቻ አይደሉም ያሉት፤ የቱሎን የባሕር ኃይል ምሽግም አለበት። ካሜራው ከሌላ ሰው ካሜራ ጋር ተቀያይሮ ነው። ግን ማን ያምነዋል?

ይሄ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤሪክ አምብለር «ኤፒታፍ ፎር ኤ ስፓይ» አጀማመር ነው። የታተመው በ1938 ነው (እዚህ የምትጠቀስ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነች)።

ሰውየው ጆሴፍ ቫዳሲ ይባላል፣ ቋንቋ አስተማሪ ነው። ትልቁ ጣጣው ግን ካሜራው ሳይሆን ፓስፖርቱ ነው። የተወለደባት ከተማ የሃንጋሪ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበር እንደ አዲስ ሲሰመር ዩጎዝላቪያ ውስጥ ገባች። ከተማዋ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል አገር ቀየረች ማለት ነው። አሁን ዜጋችን ነው የሚለው አገር የለም። ፈረንሳይ ካባረረችው መሄጃ የለውም። ፖሊሶቹም ይህን ስለሚያውቁ ሆቴሉ ተመልሶ እውነተኛውን ሰላይ እንዲያገኝላቸው ያዙታል። እምቢ ማለት አይችልም።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ ፈጠራ አይደለም። ከ1914 በፊት በአብዛኛው አውሮፓ ያለ ፓስፖርት ከአገር አገር መዞር ይቻል ነበር። ጦርነቱ ቁጥጥር አመጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ቁጥጥሩ አልሄደም። ትልልቆቹ ግዛቶች ፈራርሰው ብዙ ሰው አገር አልባ ሆነ። በ1922 ለሩሲያ ስደተኞች «የናንሰን ፓስፖርት» የሚባል ልዩ ወረቀት እስከመስጠት ተደረሰ።

ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሚያስፈራው ሽጉጥ ሳይሆን ወረቀት ነው። ባቡር ድንበር ላይ ይቆማል። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ገብቶ ፓስፖርት ይጠይቃል። ያየውን ገጽ መልሶ ያየዋል። በቃ፣ ይሄው ነው። ምንም አልተተኮሰም፣ ግን እጃችሁን ያልባችኋል። ቪዛ ሲጠብቅ ለከረመ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት የነበረው የስለላ ልቦለድ ሌላ ነበር። ጀግናው ጡንቻው የፈረጠመ የእንግሊዝ ጨዋ ልጅ፣ ጠላቱ ደግሞ የውጭ አገር ሰው። በ1920 የወጣው «ቡልዶግ ድራመንድ» እንዲያ ነው፤ ዛሬ ሲነበብ የውጭ ሰው ጥላቻው ያስጠላል። ይህን መስበር ከጀመሩት አንዱ ሶመርሴት ሞም ነው። ሞም በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ስለላ በስዊዘርላንድና በሩሲያ በእውነት ሰርቷል። በ1928 ባወጣው «አሸንደን» ስለላ ማለት በአብዛኛው መጠበቅና መሰላቸት ነው። በአንዱ ታሪክማ ጭራሽ ያልታሰበ ሰው ይገደላል።

አምብለር ግን ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከሰላዩ ይልቅ ገንዘቡን የሚከተለው። «ኮዝ ፎር አላርም» የሚለው መጽሐፉም የ1938 ነው። ስራ ያጣ እንግሊዛዊ ኢንጂነር ሚላን ሄዶ የመድፍ ጥይት መስሪያ ማሽን ይሸጣል። ለማን? ለሙሶሊኒ ጣልያን። ልብ በሉ፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና 2 ዓመቱ ነው። ኢንጂነሩ ሲጀምር ስራዬን ነው የምሰራው ባይ ነው፤ ምን ውስጥ እንደገባ የሚገባው ቆይቶ ነው። እኛ ያንን ስራ የምናውቀው ጥይቱ ከወደቀበት በኩል ነው፤ ለዚህም ይሆናል ይሄኛው እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ።

በ1939 የወጣው «ዘ ማስክ ኦፍ ዲሚትሪዮስ» ላይ ደግሞ አንድ ደራሲ ኢስታንቡል ውስጥ ሬሳ ያይና የሟቹን ዱካ ይከተላል። ከኢዝሚር በአቴንስና በሶፊያ አድርጎ እስከ ፓሪስ። ሟቹ ገዳይም ዕፅ ነጋዴም ነበር። ዱካው ግን ጨለማ ጎዳና ላይ አይቆምም፤ ባንክ ድረስ ይሄዳል።

እንከን አላቸው። ወሬ ይበዛባቸዋል፣ ሴት ገጸ ባሕርያቱም ስስ ናቸው። ከየት እንጀምር ካላችሁ ከቫዳሲ ጀምሩ፣ አጭር ነው። ማንበብ ለሚከብደው ሂችኮክ በ1938 የሰራው «ዘ ሌዲ ቫኒሽስ» የሚል ፊልም አለ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መጀመሪያው ቀልድ ይመስላል። ባቡሩ እስኪነሳ ታገሱት።