ፖምፓውን አትፍቱት

ያረጀ ትራክተር እርሻ መሀል ጉልበት አጥቶ ሲቆም ፍርዱ የተዘጋጀ ነው፦ «ፖምፓው አብቅቶለታል!» ባለፈው ሰኔ አርሲ ውስጥ የዘመዴ ማሴይ ፈርጉሰን 135 ላይ ይኸው ተፈረደ። ናፍታውን ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋው ፖምፓ ተፈቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ አዳማ ወረደ። ተስተካክሎ ተገጠመ። ትራክተሩ ሃያ ደቂቃ አርሶ ቀጥ!

ስደርስ የናፍታውን ሰልባትዮ ክዳን አላላሁት። ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። ክዳኑ ላይ ያለችው ቀጭን መተንፈሻ በአቧራና በናፍታ ጭቅቅት ተደፍናለች። ናፍታው እየጎደለ በምትኩ አየር ካልገባ፣ ሰልባትዮው ራሱ ናፍታውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ አየር ቀስ እያለ ይሾልክና ሞተሩ እንደገና ይነሳል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። መተንፈሻዋን በሽቦ ጠረግናት። የዘሩ ሳምንት ግን አልፏል።

ፖምፓ አያረጅም አልልም። ይህ ሞዴል በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመረተ ነው፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰውም ራሱ ናፍታው ስለሆነ ውሃ ከገባበት ይበላዋል። የዘመዴም ወጪ ጨርሶ ከንቱ ላይሆን ይችላል። ግን በመጨረሻ የሚጠረጠረውን አስቀድሞ መፍታት ምን የሚሉት ሙያ ነው? አንዳንዱማ የፖምፓውን እሽግ በጥሶ የሚለቀቀውን ናፍታ ይጨምርና ጥቁር ጭስ ሲወጣ «ጉልበት አገኘ» ይላል። የሚጨሰው በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ የባለቤቱ ገንዘብ።

ሞተሪኖው እያዞረው ጭስ ፈጽሞ ካልወጣ ናፍታ ሲሊንደር አልደረሰም። ከክዳኑ ጀምሩ፤ ከዚያ የሰልባትዮው መውጫ፣ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ አየር ማስወጣት። የፊልትሮውን ቡሎን አላልቶ አረፋው እስኪያልቅ ከሰልባትዮው ናፍታ የምትስበዋን ትንሽ ፓምፕ በእጀታዋ መምታት ነው። እጀታዋ ካልሳበች ወዲያው «ላስቲኩ ተቀዷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ የካምሻፍቱ ጉብታ ገፍቶ ይዟት ነው፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙራችሁ ድገሙት።

«ፊልትሮ በቤንዚን ይታጠባል።» ወረቀት ነው፣ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም። «ናፍታ ላይ ቤንዚን ጠብ ማድረግ ያጸዳል።» ፖምፓውን ቅባት ያሳጣዋል። «አየሩ እስኪወጣ ሞተሪኖውን ያዘው።» ሞተሪኖውን ታቃጥላላችሁ።

አንዱ ልማድ ግን ሰው ይጎዳል፦ ሞተሩ እየሠራ ወደ ኖዝል በሚሄደው ቱቦ ላይ ፍሳሽ በጣት መፈለግ። እዚያ ግፊቱ ከ150 አትሞስፌር ይበልጣል፤ ናፍታው ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን ያዙበት። የገባበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።